አውራው የት ነው?

ጥቅምት ነበር። ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ክፍል ነኝ። ከአዘዞ ወጣ ብሎ ባለው የአያቴ ግቢ፣ አጥሩ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ወይራ ነበረ። አንድ ጠዋት ከቅርንጫፉ ላይ የሆነ ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። ቡናማ ነው። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ሾጠጥ ያለ። ጠቅልለው የሰቀሉት የበግ ቆዳ ይመስላል። ቀረብ ስል ቆዳው ተንቀሳቀሰ።

«እዚያው ቁሚ!» አሉኝ አያቴ ከበራፉ ሆነው። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነይ፣ ከዚህ ሆነሽ እይ። ዛሬ ብዙም አይናደፉም። ቤት የላቸውም፤ ምን ሊጠብቁ ብለው ይናደፋሉ?»

አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። በሺህ የሚቆጠር ንብ እርስ በርሱ ተያይዟል። አንዷ የሌላዋን እግር ይዛለች፣ ያቺ ደግሞ የሌላዋን። ቅርንጫፉን የያዙት ላይኞቹ ብቻ ናቸው፤ የቀረው ሁሉ ጓደኛው ላይ ነው የተንጠለጠለው። ላይ ላዩን ጥቂቶቹ ይሯሯጣሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ዞረው እንደገና ይንቀጠቀጣሉ። አያቴ ባዶ ቀፎ አውጥተው በወይራ ጭስ ማጠን ጀመሩ። አውራው ከገባ ሌላው ተከትሎ ይገባል አሉኝ። ዘዴው አውራውን ማግኘት ነው።

አልደረሱበትም። እኩለ ቀን ሲሆን ድምፁ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ እንደ ሩቅ ወፍጮ ነበር የሚያጉረመርመው። ድንገት ቀጭን፣ ሹል ነገር ገባበት። ከዚያ ያ የበግ ቆዳ የመሰለው ነገር መፈታት ጀመረ። አንድ ደቂቃ የፈጀ አይመስለኝም። ግቢው ንብ በንብ ሆነ፣ ፀሐይዋ ደብዘዝ አለች፣ ያ ሁሉ ደመና ትንሽ ከዞረ በኋላ አጥሩን አልፎ ሄደ። ቅርንጫፉ ባዶውን ቀረ።

«ማን ነገራቸው አባባ? አሁን እንነሣ ብሎ ማን ነገራቸው?»

«አውራው ነዋ» አሉኝ። «ያለ አውራ ንብ የለም።»

ይህ መልስ ለብዙ ዓመት በቃኝ። ማንንም ብጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ እሱ ነበር። ቋንቋችንም የሚነግረን ይህንኑ ነው። አውራ ጎዳና፣ አውራ ጣት፣ አውራ ዶሮ። ሰው ሲበታተን «አውራ እንደሌለው ንብ» እንላለን። አውራ ትልቁ ነው፣ ዋናው ነው፣ ወንዱም ነው። ቀፎ ውስጥ ያለችው ግን ሴት ናት፤ የሁሉም እናት ናት። ይህን ስህተት የሠራነው እኛ ብቻ አይደለንም። አርስቶትልም ንጉሥ ነበር የሚላት። ያን ስዋመርዳም የሚባል ሆላንዳዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰውነቷን ከፍቶ የእንቁላል ማፍሪያዋን እስኪያሳይ ድረስ አውሮፓም በዚሁ ሲከራከር ኖሯል።

ፆታዋ ታረመ። ሌላው ስህተት ግን አልታረመም። እሷ ታዛለች፣ ሌላው ይታዘዛል የሚለው ማለቴ ነው።

አሁን እዚሁ ጎንደር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያን ወይራ ያስታወሰኝም ስለ ንብ ጉዳይ አይደለም፤ ስለ ማግኔት ማስተማሪያ ሳዘጋጅ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ያን ቀን ምን እንዳየሁ ልናገር። ያኔ ያየሁትን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነውና።

በ1949 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ)። ማርቲን ሊንዳወር የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ፣ ጦርነት ባፈራረሳት ሙኒክ ከተማ፣ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ የንብ መንጋ ያያል። መንጋው ላይ የሚጨፍሩ ንቦች አሉ። ንብ ስትጨፍር ምን ማለቷ እንደሆነ መምህሩ ካርል ፎን ፍሪሽ ቀድሞ ደርሶበታል፤ በኋላ በ1973 ኖቤል ተሸልሞበታል። ጭፈራው አቅጣጫና ርቀት ይናገራል። አበባው በዚህ በኩል ነው፣ ይህን ያህል ይርቃል ማለት ነው። እነዚህ ግን እግራቸው ላይ ምንም የአበባ ዱቄት የለም። ቆሽሸዋል። አንዷ ጥላሸት ለብሳለች፣ ሌላዋ ቀይ የጡብ ዱቄት። ሊንዳወር ያን ጊዜ ገባው። ከአበባ አልነበረም የመጡት። ከጭስ ማውጫና ከፈረሰ ግድግዳ ስንጥቅ ነው የመጡት። ቤት ሲፈልጉ ነው የዋሉት።

ይህን ሳነብ ፊቴ ላይ የመጡት አያቴ ግቢ ላይ ሲንቀጠቀጡ ያየኋቸው ናቸው። ለካ ክርክር ላይ ነበሩ።

ክርክሩን በዝርዝር ያጠናው አሜሪካዊው ቶማስ ሲሊ ነው። ዛፍ በሌለበት ደሴት ላይ መንጋ ወስዶ፣ ሳጥኖች አስቀምጦ፣ ንቦቹን አንድ በአንድ በቀለም ምልክት አድርጎ ተከታተለ። አንድ መንጋ 10,000 ያህል ንብ ቢኖረው፣ ቤት ፈላጊዎቹ ጥቂት መቶዎች ናቸው። አንዷ ጉድጓድ ታገኛለች። ውስጡን እየዞረች ትለካዋለች። ተመልሳ ትጨፍራለች። ቤቱ ጥሩ ከሆነ ረጅም ጊዜ ትጨፍራለች፤ ደካማ ከሆነ ባጭሩ። ያየቻት ሌላዋ ዝም ብላ አታምናትም። በርራ ሄዳ በዓይኗ አይታ ነው የምትመለሰው።

በጣም የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። ፈላጊዋ ሄዳ በተመለሰች ቁጥር ጭፈራዋ ያጥራል። ቤቱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ከጥቂት ምልልስ በኋላ ትተወዋለች። ማንም አሸንፏት አይደለም። በራሷ ነው የምትተወው። ስለዚህ ደካማ ቤት ያገኙት ቶሎ ዝም ይላሉ፣ የጥሩው ቤት ወሬ ግን ሳይበርድ ሌላ ንብ ትቀበለዋለች። ሁለት እኩል ጥሩ ቤቶች ቢገኙስ? እዚያ መንጋው ለሁለት ተከፍሎ ሊቀር ይችላል። ለዚህም መላ አላቸው። በ2012 የታተመው የእነሲሊ ጥናት እንዳሳየው፣ የአንደኛው ቤት ፈላጊዎች የሌላውን ቤት ጨፋሪዎች በግንባራቸው ገጭ አድርገው አጭር ድምፅ ያሰማሉ። ተይ ማለት ነው። ደጋግማ የተገጨችው ታቆማለች። አንደኛው ወገን በአጋጣሚ ትንሽ ከበዛ፣ ግጩም ከዚያ ወገን ይበዛል፣ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ነገሩ ይለይለታል።

ከዚያ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ፈላጊዎች አንድ ቤት ላይ በአንድ ጊዜ ሲገናኙ፣ በቃ እንደማለት ነው። ተመልሰው መንጋው ውስጥ እየገቡ ቀጭን ድምፅ ያሰማሉ። እሱን ነው ያኔ የሰማሁት። ሌሎቹ የክንፋቸውን ጡንቻ ያሞቃሉ። መንጋው ሁሉ ወደ 35 ዲግሪ ሲደርስ ይነሣል።

አውራዋስ? አውራዋ መሀል ናት። ጭፈራውን አላየችም፣ ቤቱን አላየችም፣ አልተጠየቀችም። ምንም አይደለችም እያልኩ ግን አይደለም። መንገድ ላይ ብትጠፋ ሁሉም ይመለሳል፤ ሽታዋ ነው የሚያስተሳስራቸው። አያቴ እሷን ካገኘሁ ሁሉንም አገኘሁ ማለታቸው ልክ ነበር። ማን ነገራቸው ላልኩት ግን መልሱ እሷ አልነበረችም።

አሁን ወደ ማግኔቱ።

ብረት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ትንሽ ማግኔት ነው። ጎረቤቱን እያየ ወደዚያው መዞር ይፈልጋል። ሙቀት ደግሞ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያሳስተዋል። ብረቱን ከ770 ዲግሪ በላይ ካጋልሽው ሁሉም በየራሱ ይዞራል፤ ማግኔትነቱ ይጠፋል። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ይሰለፋል። ማንም አቶም አላዘዘም። ጎረቤትን ማየትና መሳሳት፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚታገሉት። እያንዳንዱን አቶም በቀስት እየመሰልኩ ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ።

በ1995 ታማሽ ቪቼክ የሚባል የሀንጋሪ ፊዚክስ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ። እነዚያ ቀስቶች ቢራመዱስ? በኮምፒውተር ላይ ነጥቦች በተነ። ሁሉም በእኩል ፍጥነት ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ነጥብ በየእርምጃው አጠገቡ ያሉትን አይቶ የእነሱን አማካይ አቅጣጫ ይይዛል፣ ትንሽ ስህተትም ይጨመርበታል። ሌላ ምንም የለም። ነጥቦቹ ሲሳሱ ወይም ስህተቱ ሲበዛ ሁሉም እንደ ቀትር ትንኝ በየፊናው ነው። እየጠጋጉ ሲሄዱ ግን ከሆነ ልክ በኋላ ሁሉም ተሰልፎ ወደ አንድ ወገን ይነጉዳል። ቀስ በቀስ አይደለም፤ ያች ልክ ስትታለፍ ነው። አዛዥ የለም። ካርታ የለም። ግን መንጋ አለ።

በዚያው ዓመት ጆን ቶነርና ዩሃይ ቱ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አሳዩ፤ እኔ እስከዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል። በፊዚክስ የታወቀ ሕግ አለ። ዝርግ ወለል ላይ እንደልባቸው መዞር የሚችሉ ቀስቶች ቆመው ጎረቤት ጎረቤታቸውን ብቻ ቢያዩ፣ ትንሽም ሙቀት ካለ፣ በጣም ሰፊ ቦታ ላይ አንድ አቅጣጫ ይዘው ሊዘልቁ አይችሉም። ትንንሽ ስህተት እየተጠራቀመ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ሲደርስ አቅጣጫው ይጠፋል። ቀስቶቹ ከተንቀሳቀሱ ግን ይችላሉ።

ለምን? ለተማሪዎቼ እንዲህ ነው የምነግራቸው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ነጋዴው ሁሉ ከመደቡ ሳይነሣ ወሬ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ቢያስተላልፍ፣ ከሽንኩርት ተራ የተነሣው ወሬ በርበሬ ተራ ሲደርስ ሌላ ወሬ ሆኗል። ነጋዴዎቹ ግን እየዞሩ ቢሆን፣ ሽንኩርት ተራ የነበረችው ሴትዮ ራሷ በርበሬ ተራ ትደርሳለች። ወሬው በአፍ ብቻ ሳይሆን በእግርም ይሄዳል። የተሳሳተውም አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ እየሄደ አዲስ ጎረቤት ያገኛል፣ ይታረማል። መንቀሳቀሳቸው ራሱ ነው ሰልፉን የሚያጸናው።

መንቀሳቀስ ደግሞ ምግብ ይፈልጋል። ብረቱ ውስጥ ያለው አቶም አይበላም። ንቧ ግን ማር በልታ ነው የምትበርረው፤ ኃይሉ ከውጭ አይገፋትም፣ በየአንዳንዷ ሆድ ውስጥ ነው። ይህን ዓይነቱን ነገር አክቲቭ ማተር ይሉታል። እኔ «ንቁ ቁስ» እለዋለሁ። የሚደንቀው ንብ ብቻ አለመሆኑ ነው። ቁስል ሲሽር የቆዳ ሴሎች ተያይዘው እንደ አንድ ጨርቅ ወደ ክፍቱ ይንቀሳቀሳሉ። ልብሽ ውስጥ ምቱን የሚጀምሩት ሴሎች 10,000 ገደማ ናቸው፤ አንድ አለቃ ሴል የለም፣ እርስ በርስ ተደማምጠው ነው አብረው የሚመቱት።

ያ ወይራ ላይ የተንጠለጠለው መንጋ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበረው። ያን ጠዋት ነፋስ ነበር። ቅርንጫፉ ይወዛወዝ ነበር። ለምን አልተበጠሰም? ኦሪት ፔሌግና ማሃዴቫን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ይህንኑ ሞክረው በ2018 አሳትመዋል። ከሰሌዳ በታች መንጋ ሰቅለው ሰሌዳውን ወደ ጎን አወዛወዙት። ሾጠጥ ያለው መንጋ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየተሰበሰበ ዝርግና ሰፊ ሆነ። ሰፊ ሲሆን ብዙ አይወዛወዝም። መወዛወዙ ሲቆም ተመልሶ ሾጠጠ። ንቧ ከታች ሆና የመንጋውን ቅርፅ ማየት አትችልም። የምታውቀው እግሯ ላይ ያለውን መሳብ ብቻ ነው። ደንቡም ቀላል ነው፦ መሳቡ ወደሚበረታበት ሂጂ። መሳቡ የሚበረታው ላይ፣ ቅርንጫፉ አካባቢ ነው። ሁሉም ወደዚያ ሲጠጋ ሸክሙ ይከፋፈላል። እዚያ ላይ ያለችው ከበፊቱ የበለጠ ትሸከማለች፤ መንጋው ግን ይተርፋል።

ይህን ያነበብኩ ዕለት ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ጎንደሬ ይገባዋል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። አባቶች የሚነግሩን፣ የንብ መንጋ ከግቢው ወጥቶ ወራሪውን አባረረው ብለው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ አሁንም እዚያ ግቢ ስገባ ጆሮዬ ንብ ይፈልጋል። ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብዬ እያየሁ ትንሽ ቆየሁ።

ፊዚክሱ ያንን ታሪክ አያሳንስብኝም። ይልቅ ያከብድልኛል። አንዲት ንብ ስትናደፍ ሙዝ ሙዝ የሚሸት ነገር ትለቃለች። የሸተታት ሌላዋ ወደዚያው ትመጣለች፣ ትናደፋለች፣ እሷም ትለቃለች። አንዷ ሁለት፣ ሁለቷ አራት እያለ በአፍታ ግቢው ይነሣል። አያቴ ከነደፈሽ አታራግፊ፣ ዝም ብለሽ ወደ ጭሱ ነይ የሚሉኝ ለዚህ ነበር። ጭስ ያንን ሽታ ይሸፍነዋል፤ መልእክቱ ይቋረጣል። እሳቸው ሽታውን በሳይንስ ስሙ አያውቁትም። ዕድሜ ልካቸውን ግን ሠርተውበታል።

ስለ አንበጣም ልናገር፤ ምክንያቱም እሱ እኛን የጎዳን መንጋ ነው። በ2019ና በ2020 ኢትዮጵያ ላይ የወረደው የበረሃ አንበጣ ለ25 ዓመት ያልታየ ነበር። በ2006 የእንግሊዝና የሌሎች አገር ተመራማሪዎች ክንፍ ያላወጣ አንበጣ ክብ ሜዳ ውስጥ ከትተው የቪቼክን ሐሳብ ፈተኑት። ጥቂት ሲሆኑ በየፊናቸው። በካሬ ሜትር ከ74 ገደማ ሲያልፉ ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን መዞር ይጀምራል። ልክ እንደ ነጥቦቹ። በኋላ ደግሞ የሚገፋቸው ምን እንደሆነ ተገኘ፤ ከኋላ ያለው ስለሚነክሰው ነው የፊተኛው የሚሄደው። የተራበ ከኋላ፣ የፈራ ከፊት። በ2025 ግን የዚያ ጥናት ሰዎች ያሉበት ቡድን ተመልሶ መጥቶ፣ አንበጣው የጎረቤቱን አቅጣጫ ገልብጦ አይደለም የሚሄደው አለ። በዓይኑ የሚያየውን እየመዘነ፣ ወዴት ልሂድ ብሎ እየወሰነ ነው። ራሳቸው የሠሩትን ራሳቸው ማፍረሳቸው ደስ አለኝ። ደንቡ ተለወጠ። አዛዥ አንበጣ ግን አሁንም አልተገኘም።

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝን ነገር ልናገር።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ይመስለኛል። የጥምቀት ለት ነው፣ ጥር 11። ከታላቅ እህቴ ጋር ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ነን። ጸሎቱ አልቋል፣ ውሃው ተባርኳል፣ ወጣቶቹ ዘለው ገብተዋል፣ እልልታው ነው። እኛ ለመውጣት ወደ በሩ ስንሄድ ሕዝቡ ጠበበ። መጀመሪያ ክንዴን ማንሣት አቃተኝ። ከዚያ እግሬ መሬት መንካቱን አቆመ። ወደ ግራ ተወሰድኩ። ቆመ። ወደ ቀኝ ተወሰድኩ። ሰው ሁሉ «አትግፉ! አትግፉ!» ይላል። እህቴ እጄን እንዳትለቅ ጥፍሯን ሰክታብኛለች። ትንፋሽ አጠረኝ። ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ፣ ሕዝቡ ሳሳና ወጣን። አንድ ጫማዬ የለም። እጄ ላይ የእህቴ ጥፍር ለሳምንት ቆየ።

ቤት ስንደርስ ሁሉም ያለው አንድ ነው። ሥርዓት የሌላቸው ልጆች ናቸው የገፉት። እኔም አመንኩ። ለዓመታት ያልታወቀ ገፊ ላይ ተናድጄ ኖርኩ። አውራውን እየፈለግሁ ነበር ማለት ነው፤ የጥፋት አውራ።

በ2025 አንድ ጥናት አነበብኩ። ስፔን ውስጥ ፓምፕሎና የምትባል ከተማ አለች። በየዓመቱ ሐምሌ መጀመሪያ በዓሏ ሲከፈት አንዲት ትንሽ አደባባይ ላይ 5,000 ያህል ሰው ይታጨቃል። ዴኒ ባርቶሎ የሚባል የፊዚክስ ተመራማሪና ጓደኞቹ ከሰገነት ላይ ሆነው ለአራት በዓል ቀረጹት። ሰው ሲሳሳ እንቅስቃሴው ዝብርቅርቅ ነው። ከሆነ ጥግግት በላይ ግን በመቶ የሚቆጠር ሰው አንድ ላይ መዞር ይጀምራል። ክብ ነው የሚሠራው፤ አንዱን ዙር ለመጨረስ 18 ሰከንድ ይፈጅበታል። ማንም አልጀመረውም፣ ማንም እንዲህ ላድርግ አላለም፣ ብዙዎቹ እየዞሩ መሆናቸውንም አያውቁም። እነዚሁ ሰዎች በ2010 ጀርመን ውስጥ ዱይስቡርግ ላይ በአንድ የሙዚቃ በዓል 21 ሰው በመጨናነቅ ሲሞት የተቀረጸውን ምስል ተመለከቱ። እዚያም ያው መዞር ነበረ።

ወደ ግራ ተወሰድኩ። ቆመ። ወደ ቀኝ ተወሰድኩ።

ጽሑፉን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። እህቴ ጋ ደወልኩ። «ማንም አልገፋንም እኮ» አልኳት። ለደቂቃ ያህል ዝም አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ሦስት ሰው ሲኖር ሰው ሰው ነው፤ ይመርጣል፣ ይቆማል፣ ይቅርታ ይላል። ወደ ሰባት ሲጠጋ ሰውነት ከሰውነት ይነካካል፣ እና የአንዱ መደናቀፍ እንደ ማዕበል እስከ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። እዚያ ላይ ጨዋነት አይረዳም። በጥር 2006 መካ አጠገብ ሚና ላይ ከ300 በላይ ሐጃጅ ሲሞት የተቀረጸውን ዲርክ ሄልቢንግና ባልደረቦቹ አጥንተውታል። መጀመሪያ ሕዝቡ እንደ ወንዝ ይፈስ ነበር። ከዚያ ሄድ ቆም፣ ሄድ ቆም አለ። ከዚያ በየአቅጣጫው መናወጥ ጀመረ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ጥግግታቸው ነው። እንዲህ ባለ ጭንቅንቅ የሚሞት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተረግጦ አይደለም፤ ቆሞ ትንፋሽ አጥሮት ነው። አስቀድሞ ደግሞ ምልክት አለው። ሄድ ቆም የሚለው ማዕበል ምልክት ነው። መወዛወዙ ምልክት ነው። ከፍ ካለ ቦታ የሚያይ ሰው ሊያየው ይችላል፣ መግቢያውን ሊያቆም፣ መውጫውን ሊከፍት ይችላል። መሀል ያለው ሰው ግን አያየውም። መሀል ያለው የሚያውቀው፣ እንደ ንቧ፣ እላዩ ላይ ያለውን መገፋት ብቻ ነው።

ለዚህ ነው «ሥርዓት የሌላቸው ልጆች» ስንል የሚያመኝ። ልጆቹን ከመውቀሳችን በላይ፣ ማየት ያለብንን ነገር እንዳናይ ያደርገናል። በሩ ስንት ሜትር ነው? ገቢና ወጪ በአንድ በር ነው ወይ? ካሬ ሜትሩ ላይ ስንት ሰው ቆሟል? ገፊው ቢያዝ እንኳ እነዚህ ባሉበት ናቸው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሌላ ልጅ መሬት ሳትነካ ወደ ግራ ትወሰዳለች።

አያቴ ከሞቱ ቆይተዋል። ወይራው አለ። ይህን ሁሉ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሳይከራከሩኝ አይቀሩም። «አንቱ ያሉት አውራ እኮ አልተጠየቀችም» ብላቸው፣ «ሽታዋ አይበቃም?» የሚሉኝ ይመስለኛል። እውነትም አላቸው።

ባለፈው ጥምቀት የእህቴን ልጅ ይዣት ሄድኩ። ስድስት ዓመቷ ነው። ወደ በሩ ሳንጠጋ ቆምኩና መሬቱን አየሁ። በዓይኔ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከልዬ ቆጠርኩ። አራት ሰው። ትንሽ ቆይቼ ቆጠርኩ። አምስት። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ያቺን ሁኔታ ሰማኋት፤ በጣም ቀስ ያለች፣ ወደ ግራ የምትወስድ። ልጅቷን አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግኋት። ክንዴን ደረቴ ፊት ያዝኩ። ማዕበሉን አልታገልኩትም፤ ፋታ ሲሰጠኝ ሰያፍ ሁለት እርምጃ፣ እንደገና ፋታ ሲሰጠኝ ሁለት እርምጃ እያልኩ፣ የዛፎቹ ሥር ወዳቀፈው የድንጋይ ግንብ ጥግ ወጣሁ።

«አክስቴ፣ ማን ነው የሚገፋቸው?» አለችኝ ከላይ ሆና።

«አንቺ ከላይ ነሽ፣ እስኪ እይ። የሚገፋ ሰው ይታይሻል?»

ለረጅም ጊዜ አየች።

«የለም። ግን ሁሉም ወደዚያ እየሄዱ ነው።»

«ሲመለሱ ንገሪኝ» አልኳት። «እስኪመለሱ ቁጠሪ።»

በጣቷ ጭንቅላቴን እየነካች መቁጠር ጀመረች። አሥራ አንድ ላይ ተመለሱ።